ከትከሻ በታች

አማርኛችን ለትከሻ ቸር ነው። ታጋሹን ሰው «ትከሻው ሰፊ ነው» እንለዋለን። አባወራ ሲሞት የቤቱ ኃላፊነት በታላቁ ልጅ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሠርግ ቤት ከበሮው ሲደለቅ ትከሻዋን የምትሰብቀውን ልጅ አይቶ የማይነሸጥ የለም። ይህም አልበቃ ብሎን ሸክም ለሚያርፍበት ቦታ «ጫንቃ» የሚል ሌላ ስም አውጥተንለታል። እኔም ግጥም ስሞክር በእነዚህ ቃላት ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ቈጥሬ አልዘልቀውም። ይሁንና ይህ ሁሉ ስም የተሰጠው ከውጭ ለሚታየው ትከሻና ለተሸከመው ነገር ነው። ከአጥንቱ ሥር ተሸሽጎ ክንዳችንን ሽቅብ ለሚያነሣው ነገር በእኛ ቤት ስም አልነበረውም። ስሙን የተማርነው ከተቀደደ በኋላ ነው።

እናቴ ሹሩባ ሠሪ ናት። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ ይዛው የመጣችው ሙያ ይኸው ብቻ ነበር። በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው «ዲግሪ ጫነ» ይባላል፤ የእኔን ዲግሪ የተጫነችው ግን እሷ ናት። በአንድ የውበት ሳሎን ጥግ ተከራይታ ደንበኛዋን ከመስተዋት ፊት ረዥም ወንበር ላይ ታስቀምጣለች፤ እሷ ከኋላ ትቆማለች። ጸጉሩን በሚዶ ትከፍላለች፣ ቅቤ ታስነካለች፣ ከዚያም ከግንባር ጀምራ ወደ ማጅራት እየጎነጎነች ትወርዳለች። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ሁለት እጆችህን ሹሩባ እንደሚሠራ ሰው ከፊትህ አንሣና ይህን ጽሑፍ ጨርሰህ እስክታነብ እንደዚያው ያዛቸው። ክርኖችህ ከትከሻህ ጋር እኩል ሆነዋል። እሷ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ዋዜማ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት እንደዚያው ትይዛቸው ነበር፤ ሃያ ስምንት ዓመት ያህል።

በ2015 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ ዝናቡ አባርቶ ድንጋዩ ገና ሳይደርቅ፣ ከቤታችን በታች ባለው ቁልቁለት አዳለጣትና በቀኝ እጇ ላይ ወደቀች። «አሮጌ ሸማ ሲቀደድ የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ» አለች። እኛ የመውደቅ ድንጋጤ ነው አልናት። የሰፈራችን ወጌሻ ተጠራ። ጣቶቹን በትከሻዋ ዙሪያ ቀስ አድርጎ አስኬደና «አልወለቀም፣ አልተሰበረም» ብሎ በቅቤ አሸላት። በሳምንቱ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ራጅ ተነሣችና «አጥንትዎ ደኅና ነው» ተብላ የሕመም ማስታገሻ ተሰጣት። ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ወጌሻውን ያማል፣ ወይም ክሊኒኩን ይረግማል። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነበር። የወጌሻ ጣት የሚያውቀው አጥንትንና መገጣጠሚያን ነው፤ ራጅም የሚያየው አጥንትን ነው። ጅማት ራጅ ላይ አይታይም። እናቴ አጥንቷ ደኅና እንደሆነ ሁለት ጊዜ ተነግሯት፣ ክንዷ ግን ከደረቷ በላይ አልወጣ አለ።

ቀን ቀን ሕመሙን ትችለው ነበር። ሌሊት ግን ሌላ ነገር ነው። በቀኝ ጎኗ መተኛት አትችልም፤ በግራ ስትተኛ ደግሞ ቀኝ ክንዷ ወደ ፊት ተንጠልጥሎ ይጎትታታል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አገኛታለሁ። በዚያን ሰሞን እንዲህ የሚሉ ሁለት መስመሮች ጽፌ ነበር፦

ተሸከሚ ሲሉት ትከሻ ዝም ይላል፣
ሌሊት ሲሆን ብቻ ሒሳቡን ይጠይቃል።

አነበብኩላት። እናቴ ግጥም አትንቅም፣ ግን አታባብልም። «ትከሻ መቼ ዝም ይላል?» አለችኝ። «ቀንም ይጮኻል። ቀን ሰዉ ሁሉ እየጮኸ ነው የማይሰማው።» ሁለተኛው መስመር አንድ እግር ረዝሟል ብሎ ከነቀፈኝ ወዳጄ ይልቅ የእሷ ሂስ ስለከበደኝ ግጥሙን ከዚያ አላስረዘምኩትም።

ነገሩ የከፋ መሆኑን የነገረኝ ግን ሌሊቱ አልነበረም። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከጎኗ ቆሜ ስታማትብ አየኋት። እጇ ግንባሯ ስለማይደርስላት ግንባሯን ወደ እጇ ዝቅ አድርጋ ታማትብ ነበር። ማንም አላስተዋለም፤ የሰገደች ነው የምትመስለው።

በታኅሣሥ 2016 የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሐኪም ዘንድ ደረስን። ሐኪሙ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ቀላል ነበር፤ ክንዷን በራሱ እጅ ይዞ ወደ ላይ አነሣው። ያለ ችግር ጣሪያውን እስኪያመለክት ድረስ ወጣ። «እማማ፣ እዚያው ይያዙት» ብሎ ቀስ ብሎ ለቀቀ። ክንዷ ወደቀ። «ያዝኩት እኮ ልጄ፣ እሱ ነው እምቢ ያለኝ» አለችው። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ፣ መገጣጠሚያው የደረቀ ቢሆን ኖሮ በእሱም እጅ አይነሣም ነበር፣ ይኼ ግን የሚያነሣው ገመድ የተበጠሰ ነው አለኝ።

ከዚያ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ገልብጦ ሣለልን። የክንዳችን አጥንት ራስ ክብ ነው፤ የሚያርፍበት ጉድጓድ ግን ጉድጓድ ለመባል የማይበቃ ጠፍጣፋ ነገር ነው። በስኒ ማስቀመጫ ላይ ትልቅ ሎሚ እንደማቆም ቍጠሩት። የዳሌ መገጣጠሚያ በጥልቅ ጽዋ ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ ጽኑ ነው፤ ትከሻ ግን ጽናትን ሰጥቶ እንቅስቃሴን የገዛ መገጣጠሚያ ነው፤ በሰውነታችን ውስጥ እንደ እሱ በየአቅጣጫው የሚዞር የለም። ታዲያ ሎሚው ከስኒ ማስቀመጫው እንዳይንሸራተት የሚይዙት አራት ጡንቻዎች ናቸው። ከጀርባ ካለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ተነሥተው፣ ጅማታቸው እንደ ሸሚዝ እጅጌ ጫፍ የክንዱን ራስ ከፊት፣ ከላይና ከኋላ ይጠቀልለዋል። ሐኪሞች «ሮቴተር ከፍ» ይሉታል። ከላይ የሚሄደው ሱፕራስፓይናተስ ክንድ ከጎን እንዲነሣ ያስጀምራል፤ ከኋላ ያሉት ኢንፍራስፓይናተስና ቴረስ ማይነር ወደ ውጭ ያዞሩታል፤ ከፊት ያለው ሰብስካፑላሪስ ወደ ውስጥ ያዞረዋል። ነጠላ ወደ ኋላ ማጣፋት፣ መቀነት ከጀርባ ማሰር፣ ጸጉር መጎንጎን፣ ሁሉም የእነዚህ የአራቱ ሥራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀደደው የላይኛው ነው፤ ከላዩ ባለው አጥንትና ከሥሩ ባለው የክንድ ራስ መካከል በጠባብ መንገድ ያልፋልና። ዕድሜ ሲገፋ ጅማቱ ይሳሳል፤ አንድ ውድቀት ደግሞ የሳሳውን ይበጥሳል።

ኤምአርአይ የተባለውን አረጋገጠ። ጅማቱ ከነሙሉ ውፍረቱ ተቀዶ ከአጥንቱ ሸሽቷል። ሐኪሙ እዚህ ላይ ያደረገልንን አልረሳም፤ ለመቍረጥ አልቸኮለም። ከስድሳ ዓመት በላይ ከሆናቸው ሰዎች ብዙዎቹ ትከሻቸው ውስጥ ቀዳዳ ይዘው ሳያውቁት እንደሚኖሩ ነገረን። ብዙ ሕመምተኛ በአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ብቻ፣ የቀሩት ጡንቻዎች የጎደለውን ሥራ እየተማሩለት፣ ያለ ቢላዋ ይድናል። ጅማቱ ግን ራሱን ችሎ ወደ አጥንቱ አይመለስም። ሥራ የፈታ ጡንቻ ደግሞ በጊዜ ብዛት በስብ ይተካል፤ ከተተካ በኋላ ጅማቱን መልሰው ቢሰፉትም ስቡ ተመልሶ ሥጋ አይሆንም። የእናቴ ጡንቻ ገና ብዙ አልተበላሸም፤ ቀዳዳው ከውድቀት የመጣ ነው፤ ሥራዋም ክንድ ማንሣት ነው። ስለዚህ ቢሰፋ ይሻላል የሚል ሐሳብ አለኝ አለ።

«ሹሩባ እሠራለሁ ወይ?» ብላ ጠየቀችው። ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።

«ሕመሙ እንደሚቀልልዎት ተስፋ አለኝ። ሹሩባውን ግን ቃል አልገባልዎትም፤ የተሰፋ ጅማት ሳይያዝ የሚቀርበት ወይም መልሶ የሚቀደድበት ጊዜ አለ።»

እኔ ከምሠራበት ባንክ የሠራተኛ ብድር ጠየቅሁ። እሷ ደግሞ የዕቁብ ዕጣዋ መጨረሻ ላይ ነበር፤ ዕቁብተኞቹ አብዛኞቹ ደንበኞቿ ስለሆኑ ተራቸውን ለቀቁላት። ብድሩ ይበቃል ብላት «ትከሻው የማን ነው?» ብላ አፌን ዘጋችኝ።

ቀጠሮውን ስንጠብቅ ማታ ማታ ስለዚህ ጅማት የተጻፈ ነገር ማንበብ ጀመርኩና ከአንድ ሰው ጋር ተዋወቅሁ። ኧርነስት ኤመሪ ኮድማን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1869 ቦስተን የተወለደ ቀዶ ሐኪም ነው። የተቀደደ የትከሻ ጅማት መስፋትን በ1911 በጽሑፍ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ ነው፤ የደረቀን ትከሻ «የበረደ ትከሻ» ያለውም እሱ ነው። እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ጠባዩ ነው። ይህ ሰው ሒሳብ ሳይዘጋ ማደር የማይችል ሰው ነበር። እያንዳንዱ ሆስፒታል ያከመውን እያንዳንዱን ሰው ከዓመት በኋላ ፈልጎ «ዳነ ወይ? ካልዳነ ለምን?» ብሎ በካርድ ይመዝግብ አለ። እኛ ባንክ ቤት በየማታው የምናደርገውን፣ ገቢና ወጪውን አስታርቆ ጎደሎ ካለ የመፈለጉን ነገር፣ ለሰው አካል ማለቱ ነው።

ባልደረቦቹ አልወደዱለትም። በ1914 ከማሳቹሴትስ ጀነራል ሆስፒታል ሥራውን በተቃውሞ ለቀቀ። በ1915 በሐኪሞች ስብሰባ ላይ አንድ የሽሙጥ ሥዕል ገለጠ፤ ራሷን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ለሐኪሞች የወርቅ እንቁላል የምትጥል ሰጎን። ሰጎኗ የከተማይቱ ባለጸጋ ሕዝብ ናት። ከዚያ በኋላ ወዳጅም ገበያም ራቀው። እሱ ግን በራሱ ትንሽ ሆስፒታል ከ1911 እስከ 1916 ድረስ ታክመው የወጡ 337 ሰዎችን ሒሳብ አሳተመ፤ በሥራው የተገኙ 123 ስሕተቶችንም አብሮ ቈጠረ። ቈጠረ! ጎደሎን በገዛ እጅ ጽፎ ማተም እንዴት ያለ ድፍረት እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ገንዘብ ቆጥሮ የጎደለበት ሰው ብቻ ነው። በ1934 ስለ ትከሻ የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍ ያወጣው፣ መግቢያውንም የገዛ ሕይወቱ ታሪክ ያደረገው ይኸው ሰው ነው። በ1940 ሞተ፤ መቃብሩ ላይ የስም ድንጋይ የቆመለት በ2014 ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ነፍሱን ይማር፤ ግን ሚስቱ እንዴት ቻለችው?» አለች።

ቀዶ ሕክምናው ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ሆነ። ጅማቱ በተነቀለበት ቦታ አጥንቱን ትንሽ ፍቀው፣ ክር የታሰረባቸው ትንንሽ ችንካሮች ቀብረው፣ የሸሸውን ጅማት ጎትተው አሰሩት። «ስንት ችንካር?» አለች ቀደም ሲል ሲነግራት። «ሁለት» አላት። «ለአምስቱ ሦስት ቀረኝ» ብላ ወዲያው አማተበች፤ በግራ እጇ፤ ከዚያ በግራ በማማተቧ ደግሞ ይቅርታ ጠየቀች። ከአንገቷ ሥር በተወጋችው ማደንዘዣ ክንዷ እስከ ማግስቱ ንጋት ድረስ የእሷ አልነበረም። ሌሊት በግራ እጇ ቀኟን እየዳሰሰች «ሙቀቱ የሰው ነው፣ የማን እንደሆነ ግን እንጃ» ስትል ሰማኋት። ንጋት ላይ ባለቤቱ ተመለሰ፤ ሕመሙንም ይዞ መጣ።

ብዙ ሰው ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ክሩ ያደረገው ጅማቱን አጥንቱ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ማያያዝ የሰውነት ሥራ ነው፣ ሰውነት ደግሞ አይቸኩልም። ለስድስት ሳምንት ክንዷ ማንጠልጠያ ውስጥ፣ ትንሽ ትራስ ከጎኗ ተደርጎበት ቆየ። የምትተኛው ተቀምጣ፣ ትራስ ተደግፋ ነበር። በራሷ ኃይል ክንዷን ማንሣት ክልክል ነው፤ ጡንቻው ቢጎትት ስፌቱን ይበጥሰዋል። ጨርሶ እንዳይደርቅ ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ጎንበስ ብላ ክንዷን አንጠልጥላ በገዛ ክብደቱ ትንሽ ክብ እንዲሠራ ታወዛውዘዋለች። ይህችን እንቅስቃሴ በኮድማን ስም እንደሚጠሯት ሳውቅ የድሮ ወዳጅ መንገድ ላይ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። እናቴ ግን ጽና ብላታለች። «ጽናዬን ላወዛውዝ» ትልና ጠረጴዛውን በግራ እጇ ትደገፋለች።

የራሷን ጸጉር ማን ይሥራላት? ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ራስ ያስተካከለች ሴት ለአንድ ወር ያህል በሻሽ ሸፍና ከረመች። በመጨረሻ ድሮ ያስተማረቻት ልጅ መጣች። እናቴ እግሯ ሥር ተቀመጠችላት፣ ልጅቷ ጎነጎነች። ሁለቱም አልተናገሩም። ሲያልቅ እናቴ በግራ እጇ ዳሰሰችና «ማጅራት ላይ ላልተሻል» አለች፤ ልጅቷም ፈታ እንደገና ሠራችው።

ማንጠልጠያው የወረደበት ሰኞ የዐቢይ ጾም መግቢያ ነበር። ፊዚዮቴራፒ ጀመረች። የምታሠራት ወጣት ባለሙያ «እማማ፣ ትከሻዎን ወደ ኋላ ሰብሰብ ያድርጉ፤ አሁን ይልቀቁ፤ ሰብሰብ፣ ልቀቅ» አለቻት። እናቴ ሁለቴ ሞከረችና ቆም አለች። «ይኼማ እስክስታ ነው» አለች። ከዚያ በዚያ ነጭ ክፍል፣ ያለ ከበሮ፣ በጾም፣ ትከሻዋን ሰበቀችው። ጉልበቱን የሚለማመደው ሽማግሌ አጨበጨበ። ልጅቷ እየሳቀች አሞገሰቻትና ወዲያው አስጠነቀቀቻት፤ ክንድ ስታነሣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ እየወጣ ነው፤ የተሰፋው ጡንቻ ያልሠራውን የአንገት ጡንቻ እየሠራለት ነው። «ከአንገትዎ አይበደሩ፤ ባለዕዳው ራሱ ይክፈል።» ከሦስት ቀን በፊት ተበዳሪ ሳስፈርም የዋልኩት እኔ ይህችን ዓረፍተ ነገር ብጽፋት ምን ነበረበት አልኩ።

ቤት ውስጥ ጣቶቿን ግድግዳ ላይ እንደ ሸረሪት እያስኬደች ሽቅብ ትወጣለች። የደረሰችበትን በእርሳስ ምልክት አደርግና ቀኑን እጽፋለሁ። ጎረቤት የልጅ ቁመት የምንለካ መስሏት «የማን ልጅ ነው እንዲህ የዘገየው?» ብላን ሄዳለች። እውነትም ይዘገያል። መጋቢት ሙሉ ምልክቶቹ ተደራርበው አንድ ወፍራም መስመር ሆኑ። በሚያዝያ አንድ ሳምንት አራት ጣት ወጣች፤ በማግስቱ ሁለት ጣት ወረደች፤ አለቀሰች። በሕማማት ስግደት ተከለከለች፤ ወድቆ መነሣት መዳፍ ላይ መደገፍን ይጠይቃልና። የነፍስ አባቷ ቆመሽ ራስሽን ዝቅ አድርጊ አሏት። «እሱንማ ለምጄዋለሁ» አለቻቸው። ፋሲካ ሚያዝያ 27 ቀን ዋለ፤ ከሃያ ስምንት ዓመት ወዲህ በዋዜማው አንድም ራስ ያልነካችበት የመጀመሪያው ፋሲካ ነበር። ደንበኞቿ በሌላ ሰው እጅ ተሠርተው ለጥየቃ መጡ። እያንዳንዷን ጎንበስ አድርጋ ጉንጉኑን መረመረች።

በጥር 2017 ዓመት ሲሞላ የኮድማንን ካርድ ለራሴ አዘጋጀሁና ሞላሁት። የሌሊት ሕመም፦ የለም፤ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ። በቀኝ ጎን መተኛት፦ ትችላለች። ማማተብ፦ ቀና ብላ። መቀነት ከኋላ ማሰር፦ በግማሽ። ጀሪካን ማንሣት፦ አልሞከረችም፣ አንሞክርም። ክርንን ከትከሻ እኩል አድርጎ መያዝ፦ ሰባት ደቂቃ ያህል፣ ከዚያ ይንቀጠቀጣል። ይህችን የመጨረሻዋን ጎደሎ የት እንደምመዘግባት አላወቅሁም። ሐኪሙ በውጤቱ ደስ ብሎታል። በሰባት ደቂቃ ግን ሹሩባ አይሠራም።

ሳሎኑን ለቀቀች። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተናገረችም። የካቲት ላይ ከሥራ ስመለስ ሳሎናችን ውስጥ ያለው ሶፋ ወደ ግድግዳ ተገፍቶ፣ መሬት ላይ ሰሌን ተነጥፎ፣ እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አንዲት ደንበኛ በጉልበቶቿ መካከል ይዛ አገኘኋት። በመንደሯ እናቷ እሷን የሠራቻት እንደዚያ ነበር፤ መስተዋትና ረዥም ወንበር የመጣው በከተማ ነው። ክርኖቿ ጭኖቿ ላይ አርፈዋል። እጆቿ ብቻ ይሠራሉ፤ ትከሻዋ ምንም አልተነሣም።

ለ2017 ፋሲካ ዋዜማ ስድስት ራስ ሠራች። ድሮ ሃያ ትሠራ ነበር። አንዷ፣ የባንክ ባልደረባዬ፣ ሱሪዋ እንዳይጨማደድ ብላ ወንበር ጠየቀች። እናቴ ሚዶዋን ጥርሷ ውስጥ ይዛ ሰሌኑን በእግሯ አስተካከለችና፣ «ዝቅ በይ ልጄ» አለቻት፤ «ትንሽ ዝቅ።»